ድስቱ አንድ፥ ገበታው ሦስት

ስለ ጎንደር ታሪክ ወሬ ሲነሣ ሁላችንም ወደ ግንቡ እንሮጣለን። የፋሲል ግንብ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እያልን እንቆጥራለን፤ የነገሥታቱን ስም በተራ በተራ እንወርዳለን። ድንጋዩን የጠረበው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልፎ አልፎ ይገኛል። በዚያ ግንብ ውስጥ የተበላው ወጥ በማን ድስት፣ በማን ቅመም፣ በማን እሳት ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። «ወጥ ደግሞ ታሪክ አለው እንዴ?» የሚለኝ ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አለው እንጂ! እንዲያውም ባንዲት የበግ ታፋ ወጥ ውስጥ የከተማይቱ ታሪክ፣ ክብሯም በደሏም፣ አብሮ ተቀቅሎ ይገኛል ብዬ ልከራከር ነው የተነሣሁት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ያስጀመሩኝ አያቴ ናቸው። የጥምቀት ማግስት፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ቤታችን በግ ይታረዳል። ጥብሱና ዱለቱ በጥዋቱ ያልቃል፤ ታፋውን ግን አያቴ ለማንም አያስነኩም። ከነቅልጥሙ በሦስት ይቆርጡትና፣ ስቡን ገፈው፣ በሎሚና በጨው ውሃ አጥበው ያስቀምጡታል። ከዚያ ቀይ ሽንኩርቱ ያለ ቅቤ ያለ ዘይት በደረቁ መቁላላት ይጀምራል። እንዳያር ጠብ ጠብ እያሉ ውሃ ያቀምሱታል። ሽንኩርቱ ቅርጹ ጠፍቶ ጭቃ ሲመስል በርበሬው ይገባል፤ እሱም በፋንታው ቀስ እያለ ይበስላል። ቀጥሎ ኮሰረትና ጦስኝ ገብቶበት የተነጠረው ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ። ሥጋው የሚገባው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ማገዶው ይቀነስና የወይራው ፍም ብቻ ይቀራል። ጥዋት የተጣደ ድስት ማታ ይወርዳል። በመጨረሻ መከለሻው፣ ማለት ኮረሪማው፣ ቁንዶ በርበሬውና ጥቁር አዝሙዱ፣ ተነስንሶበት ሲከደን መንደሩ ያውቃል።

ዘንድሮ እኔ፣ የተማርኩ ነኝ ባዩ፣ ርቦኝ ኖሮ አያቴ ዞር ሲሉ ሁለት ፍልጥ ጨመርኩበት። ወጡ ተንተከተከና መረቁ ተመጠጠ፤ ሥጋው ግን እንደ ገመድ ጠንክሮ ቀረ። አያቴ ተመልሰው ማማሰያውን ካነሡ በኋላ አልተቆጡኝም። «የኔ ዓለም፣ ማገዶ ብትጨምር ውሃው ያልቃል እንጂ ሥጋው አይቸኩልልህም» ብለው ብቻ እሳቱን በአመድ ዳፈኑት።

ይህን አባባል ወደ መኝታ ክፍሌ ይዤው ተመለስኩ። ለካስ ፊዚክስም የሚለው ይህንኑ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ጎንደር ላይ በ93 ገደማ ይፈላል፤ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ወደ 90 ይወርዳል። ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል ቢማገድለት ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይሄዳል እንጂ። የታፋና የቅልጥም ሥጋ ደግሞ ብዙ የሮጠ ሥጋ ነው፤ ጅማት የበዛበት። ያ ጅማት ቀልጦ መረቁን የሚያወፍረው በረዥም ጊዜና በዝግታ ብቻ ነው። እንግዲህ ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ቀስ ብሎ የሚያበስለው ባህል ስለሆነበት ብቻ አይደለም፤ ተራራው ራሱ ያስገድደዋል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ተረት የወጣው ከእንደዚህ ያለ ማድቤት ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ጎንደርን በ1636 የቆረቆሯት ዐፄ ፋሲል ናቸው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1770፣ ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው መጣና እስከ 1771 መጨረሻ እዚሁ ሰነበተ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ጥሬ ሥጋ ግብዣ የጻፈው ለንደንን ጉድ አሰኘ፤ ውሸታም ነው ያለውም ብዙ ነበር። ከዚያ ወዲህ የውጭ አገር አንባቢ ስለ ጎንደር ገበታ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ጥሬ ሥጋ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ፍም ላይ የሚውለው ድስት የማንንም ዓይን አልሳበም። ለነገሩ ምን ይደረግ? ጥሬ ሥጋ የሚበላው አዳራሽ ነው፤ እንግዳ ሁሉ ያየዋል። ድስቱ ያለው ጓዳ ነው፤ ጓዳ ደግሞ የሴት አገር ነው።

የራሳችን ዜና መዋዕልም ቢሆን ከብሩስ የተሻለ አላደረገም። ንጉሡ የት እንደ ዘመቱ፣ ማንን እንደ ሾሙና እንደ ሻሩ ይነግረናል። የሥጋው ብልት በየማዕርጉ ተለይቶ ለመኳንንቱ ይሰጥ እንደ ነበረም እናውቃለን። እሳቱ ዳር ተቀምጣ ሽንኩርቱን ያቁላላችው ገረድ ወይም ባሪያ ግን ስም የላትም። «ግብር» የሚለውን ቃላችንን እስቲ ልብ በሉት። ገባሩ ለጌታው የሚያስገባው በግና እህል ግብር ይባላል፤ ጌታው በአዳራሹ የሚያበላው ግብዣም ግብር ይባላል። ቋንቋው ራሱ መስክሯል ማለት ነው፤ ባንዱ በር የገባው ነው በሌላው በር ለምስጋና የቀረበው። የሰሜን ገበሬ በብርድ ያሳደገው ያ ጠጉራሙና ላተ ሰፊው በግ፣ ጎንደር ሲደርስ የንጉሡ ቸርነት ተብሎ ተበላ።

ቅመሙስ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። የአባቶቻችን የጥንት ምግብ የምንለው ቀይ ወጥ እንደምናስበው ጥንታዊ አይደለም። በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። ኮሎምበስ በ1492 ባሕር ተሻግሮ እዚያ ከመድረሱ በፊት ከዚያ ምድር ውጭ የቀመሰው ሰው አልነበረም። ስለዚህ በ14ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዓምደ ጽዮን፣ በ1468 ያረፉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም፣ አንዲት ጉርሻ ቀይ ወጥ ሳይቀምሱ ነው ያለፉት። በነሱ ዘመን ወጥን የሚያሞቀው ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ ይሆናል። ዛሬ አያቴ የሚሠሩት ወጥ፣ እጅግ ቢያረጅ ከ500 ዓመት አይበልጥም፤ ከግንቡ ጋር እንደ ታላቅና ታናሽ ቢተያዩ ነው።

ኮረሪማው የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ደን፣ ከከፋ አካባቢ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የነጋዴው መንገድ ከቦንጋ ተነሥቶ በጅማ፣ ዐባይን ተሻግሮ በጎጃም ባሶ ገበያ፣ ከዚያም ጎንደር ይደርስ ነበር። ከጎንደር አንዱ መንገድ ወደ ምፅዋ፣ ሌላው በመተማ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ቁንዶ በርበሬውና ቅርንፉዱ ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ በምፅዋ በኩል ይወጣ ነበር። በዚህ መንገድ ላይ በበቅሎና በአህያ፣ በኬላና በሽፍታ መካከል ሸቀጡን እየጎተተ ያመላለሰው ይበልጡን እስላሙ ነጋዴ፣ ጀበርቲው ነው። ንግድን የሚንቅ መኳንንት የነጋዴውን ኮረሪማ አልናቀም።

ድስቱንስ ማን ሠራው? ድስቱን የሠራችው የቤተ እስራኤል ሴት ናት። ሌላው ሰው «ፈላሻ» ወይም «ካይላ» ይላቸው ነበር፤ እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት ግን ቤተ እስራኤል ብለው ነው። በሰሜን ተራሮች የራሳቸው አለቆች ነበሯቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከዐፄ ሠርፀ ድንግል፣ በ17ኛው መጀመሪያ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር በተደረገው ጦርነት ተሸነፉ፤ ነጻነታቸውም ርስታቸውም ሄደ። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ይኖራል። ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ግንበኛና አናጢ ሆኑ፤ ዛሬ የምንመካበትን የጎንደር ግንብ ከሠሩት እጆች የነሱም ይገኙበታል። ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ማረሻውን ከነሱ፣ ጋኑን ከነሱ፣ ድስቱን ከነሱ የወሰደው ሰው ደግሞ ምን ብሎ ከፈላቸው? «ቡዳ» ብሎ! ቀን የገዛት ሸክላ ላይ ወጡን በልቶ፣ ማታ ሠሪዋ ጅብ ሆና ትበላኛለች እያለ ልጆቹን ያስፈራራ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እጅ በአንድ ድስት ተገናኝቷል። በጉ የክርስቲያኑ ገበሬ፣ ቅመሙ የእስላሙ ነጋዴ፣ ድስቱ የቤተ እስራኤሏ ሴት፣ እሳቱ የገረዲቱ። ታዲያ በገበታስ ተገናኙ ወይ? አልተገናኙም። በ1668፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በጎንደር ጉባኤ ተደረገና ትእዛዝ ወጣ። ካቶሊኮቹ ፈረንጆች ከአገር ይውጡ፤ እስላሞች ከክርስቲያን ጋር በአንድ ሠፈር አይኑሩ፤ ካይሎችም እንዲሁ ተለይተው ለብቻቸው ይቀመጡ ተባለ። የእስላሙ ሠፈር እስላም ቤት ተባለ፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። የቤተ እስራኤልም ሠፈር እንዲሁ ለብቻ ሆነ።

መለያየቱ ከላይ በዐዋጅ ብቻ የመጣ አይደለም፤ እውነቱን ካልተናገርን ታሪክ መጻፍ ምን ያደርግልናል? ክርስቲያኑ በስመ አብ ያልተባለበትን ሥጋ አይበላም፤ እስላሙ ቢስሚላሂ ያልተባለበትን አይቀምስም። ቤተ እስራኤል ደግሞ ሌላ ያረደውን አለመብላታቸው ብቻ ሳይሆን ሌላው ሰው እንዳይነካቸውም ይጠነቀቁ ነበር፤ «አትንኩኝ» የሚለው ሥርዓታቸው የታወቀ ነው። ግን ልዩነት አለው። ሰው በእምነቱ ከሥጋ ቢታቀብ ማንንም አልጎዳም። ዐዋጁ ግን በሠፈር፣ የርስት ነጠቃው በመሬት፣ የቡዳ ስም በክብር ገባበት።

ሰንበታቸውን ብንመለከት እንኳ የድስት ታሪክ ምን ያህል ከእምነት ጋር እንደ ተያያዘ እናያለን። በምሥራቅ አውሮፓና በሰሜን አፍሪካ የነበሩ አይሁድ ቅዳሜ እሳት ማንደድ ስለማይፈቀድላቸው ዓርብ ማታ ሥጋና ጥራጥሬ በድስት አድርገው፣ በተዳፈነ እሳት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ያሳድሩት ነበር። በዝግታ የሚበስለው የሰንበት ወጣቸው የተወለደው ከዚህ ክልከላ ነው። የኛዎቹ ቤተ እስራኤል ግን ከዚያ የጠበቀ ሥርዓት ነበራቸው። ሰንበት ሳይገባ እሳቱን ጨርሰው ያጠፉና ቅዳሜን ዓርብ በተዘጋጀ ቀዝቃዛ ምግብ ይውሉ ነበር። ለጎንደር ሁሉ የዝግታ ድስት የሠራችው ሴት፣ በሳምንቱ ትልቅ ቀኗ ምድጃዋ ቀዝቃዛ ነበር ማለት ነው።

ተራው ሕዝብ ግን ዐዋጅን የማለዘብ የራሱ ብልሃት አለው። በኛ ሠፈር ሠርግ ሲኖር ለእስላም ጎረቤት በግ ከነነፍሱ ይሰጣል፤ እነሱው አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው፣ እዚያው ግቢ ውስጥ በራሳቸው ገበታ ይበላሉ። ዘፈኑና ጭፈራው አንድ ነው። በጾም ቀን ደግሞ ይብስ ይገርማል። ሽሮና ምስር ሲሆን እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ መሶብ ይቀርባል፤ ቡናውንም አብሮ ይጠጣል። ጾም ያገናኘውን ሰው ፍስክ ይለያየዋል! እኔ ከዚህ የተማርኩት፣ ሰው ብልቱን ሲያጣ ጎረቤቱን ያገኛል የሚለውን ነው። ሀብት የገባበት ገበታ ወዲያው ማዕርግና አጥር ያበጃል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ከተማይቱን ዘረፉ፣ አቃጠሉም። በ1888 ደርቡሾች ገብተው የተረፈውን አነደዱ። ወዲያው የክፉ ቀን ረኃብ ተከተለ፤ የከብት በሽታው በሬውን ፈጅቶ ማረሻ አቆመ፤ ከክርስቲያኑም፣ ከእስላሙም፣ ከቤተ እስራኤሉም ስንቱ አለቀ። ረኃብ ሦስቱን ገበታ በአንድ ቀን ባዶ አደረገው። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ እኛ ሰባ ሰባት በምንለው ዘመን፣ ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ፣ ከጎንደር ገጠር በእግራቸው ሱዳን የወረዱት ቤተ እስራኤል በሺህ የሚቆጠሩት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በመንገድና በስደተኛ ሠፈር የቀሩትም በሺህ ይቆጠራሉ። በግንቦት 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ ተሳፍረው ሄዱ። ከጎንደር ትንሽ ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ፣ የሸክላው መንደር፣ ሠሪዎቿ ሄዱባት። ዛሬም ለጎብኚ የሚሸጥ ሸክላ በመንገዱ ዳር አለ፤ የድሮዎቹ ሠሪዎች ግን ከሞላ ጎደል የሉም።

የአያቴ ድስት ከዚያች መንደር የተገዛ ነው። እንዴት እንደ ገዙት ባለፈው ጠየቅኋቸው። «በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው» አሉኝ (በኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው)። «ቅዳሜ ገበያ አያወጡትም፤ ቅዳሜ ሰንበታቸው ነዋ! እኔው ሐሙስ ዕለት ወለቃ ድረስ ሄድኩ። ሴትዮዋ ሦስት ድስት አወጣችልኝ፤ በጣቷ እያንኳኳች ድምፁን አሰማችኝና፣ ይሄኛውን ውሰጂ፣ ይሄ ልጅሽን ያበላል አለችኝ። ገንዘቡን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩላት። እጇን አልነካሁም፤ እሷም እንዳልነካት ፈልጋለች፣ እኔም ፈርቻለሁ። ቤት አምጥቼ አሟሸሁት። ይኸው እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም።»

«ቡዳ ናት ብለው ነው የፈሩት?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ፍሙን በመቆስቆሻው ገለጥ አደረጉና፣ «ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር የምንለው» አሉ። ጥቂት ቆይተውም፣ «ሐሰት ነበር። ቡዳ የሠራው ድስት ይህን ያህል ዘመን ልጅ ያበላል?»

«ስሟ ማን ነበር?»

አያቴ ማማሰያውን አስቀመጡ። «አልጠየቅኋትም» አሉ።

ወዳጆቼ፣ ይህች «አልጠየቅኋትም» ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ። አርባ ዓመት በላይ ከድስቷ የበላን ሰዎች ስሟን አልጠየቅንም። ዜና መዋዕል ጸሐፊውም አልጠየቀም፤ ብሩስም አልጠየቀም። ነጋዴውንም፣ ገባሩንም፣ ገረዲቱንም እንዲሁ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እያልን ተረት እንተርታለን፤ ስለ ሹም ሽር ከሆነ የተተረተው እሺ፣ ይሁን። ነገር ግን ድስት በሁለት ጉልቻ እንደማይቆም ከአያቴ ማድቤት ሄጄ አይቻለሁ። የጎንደር ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ የቆመ ነበር፤ አንዱ ጉልቻ ከቦታው ከተነሣ እነሆ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆነው።

የታሪክ ተማሪ የሆንን ሰዎች ግንቡን መለካቱን እንቀጥል፤ ማንም አልከለከለን። ግን በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ ወጡ እስኪበስል ጓዳ ገብታችሁ ተቀመጡ። ጊዜ አላችሁ፤ ታፋ እንደሆነ ቶሎ አይበስልም። ድስቱ ከየት መጣ፣ ቅመሙን ማን አመጣው፣ እሳቱን ማን ጠበቀ ብላችሁ ጠይቁ። ስም ከተገኘ ስሙን ጻፉት።

እኔ አያቴን ዘግይቼ ጠየቅኋቸው። ወጡ ግን በሰዓቱ ደረሰ፤ ማታ፣ ፍሙ አመድ ሲሆን። ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ጊዜ ለቀቀ።